የአሻ ረድፍ

ከዲጃ የጭነት መኪናውን የኋላ ጎማ በጫማዋ ደጋግማ ረገጠችው።

«አውርዱ! ይሄን ነገር አውርዱ ነው የምላችሁ!»

መኪናው ላይ የቆሙት ሁለት ጫኞች ተያይተው ሳቁ። አንደኛው አፉ በነጭ ክር የተሰፋ ጆንያ ከትከሻው አወረደና ከሌሎቹ ላይ ደረበው። ሹፌሩ ቦኩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣

«ማማ፣ ጎማው ምን በደለሽ? ካናደድኩሽ እኔን ምቺኝ» አላት።

«አንተማ ምን ታደርግ፣ የታዘዝከውን ነው የምትጭነው! ያቺ ጸሐፊዋ የታለች? ቤቴ ድረስ እየመጣች ስትጠይቀኝ የከረመችው፣ ሮዛ የምትባለዋ የታለች?»

ሮዛ መጋዘኑ ውስጥ ነበረች። ስሟ በዚያ ድምፅ ሲጠራ ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን የጭነት ማዘዣ እንደያዘች ወጣች። ማዘዣው የደረሳት ገና አሁን ነው። ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ሦስቴም ያው ነው። ነጭ ክር፣ ለስድስት መቶ ቤተሰብ፣ የመጀመሪያው መኪና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ቦሪ መንደር ይነሳል።

ሁለተኛው ዝናብ ከቀረ ወዲህ በኬንያዋ ሞያሌ ዙሪያ ለፍየል የሚሆን ሣር ጠፍቷል። ሮዛ የምትሠራበት የእርዳታ ፕሮጀክት መኖ ሊያከፋፍል ተነሣና ከመግዛቱ በፊት ሦስት ዓይነት መኖ በአሥራ ስምንት ሴቶች ቤት አስሞከረ። ፋጉሎ ያለበት ጆንያ በአረንጓዴ ክር ተሰፋ፣ በሞላሰስ የታሸ ፉርሽካ በቀይ፣ ከጨው ጋር የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ደግሞ በነጭ። ሴቶቹ የሚያውቁት የክሩን ቀለም ብቻ ነበር። እያንዳንዷ ሦስቱንም በየተራ ለአንድ አንድ ወር አበላች፤ የቱ ይቅደም የሚለውም በዕጣ ወጣ። ወር በሞላ ቁጥር ሮዛ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ቤታቸው እየሄደች አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ በዚህ ወር የፍየሎችሽ ወተት ከአሥር ስንት ይሰጠዋል?

ከዲጃ ስታያት ጎማውን ተወችው።

«ያልኩሽን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ነጩ የመጨረሻ ነው አላልኩሽም?»

«ከአሥር አንድ ነው ያልሽኝ።»

«እኮ! አንድ ካልኩ በኋላ ምን ቀረ? ከዚያ በታች የሞተች ፍየል ናት።»

«ግን ለአረንጓዴውም ሦስት ነው የሰጠሽው፣ ከዲጃ። ለቀዩ ሁለት።»

«ታዲያ ስንት ልበል? አሥር ብዬ ጠርቼ ጠዋት በረት ውስጥ አራት እግሯን ዘርግታ ላግኛት? በገዛ አፌ በዓይን ላስበላት?» ድምጿ ከፍ ሲል ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ማዳመጥ ጀመሩ። «ለኔ ሦስት ብዙ ነው። ቁጥር ከወደድሽ ዶቃታ ዘንድ ሂጂ። እሷ እንግዳ እንዳይቀየማት ለሁሉም ዘጠኝ አሥር ትላለች። ድንጋይ ብታበሉላትም ስምንት ትላለች!»

ጫኞቹ ከት ብለው ሳቁ። ሮዛ ግን አልሳቀችም። ዶቃታ ለነጩ በእርግጥም ስምንት ነው የሰጠችው። ለአረንጓዴው አሥር፣ ለቀዩ ዘጠኝ። የዶቃታ መጥፎ መኖ ከከዲጃ ጥሩ መኖ በአምስት ይበልጣል ማለት ነው። ሁለቱም ግን መጨረሻ ያደረጉት ነጩን ነው።

«እዚሁ ጠብቂኝ» አለቻት።

«ሌላ ወዴት እሄዳለሁ! ይሄ መኪና ሳይራገፍ መንደሬ ቡቲዬ አልገባም።»

ሮዛ ወደ ቢሮው ስትሄድ ማዘዣውን በእጇ ጨምድዳው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ መንግሥት ሲለወጥ ድንበሩን ተሻግረው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷም በስደተኛ ካርድ ጀምራ በስታቲስቲክስ ዲፕሎማ ጨርሳለች። ሥራዋ በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል ነው። ያሁኑ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የሚያድሰውም የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጃልደሳ ነው።

ጃልደሳ ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሦስተኛው ያወራል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ደረቅ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ማዶ ተማሪ ሳለ ነው፤ ከሮዛ ጋር ሲያወራ ደስ እያለው ይናገረዋል። እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት። እሷ ግን እንደቆመች ጠበቀችው።

«ጋሽ ጃልደሳ፣ ነጩን ማን መረጠው?»

«ዋጋው መረጠው» አለ ስልኩን አስቀምጦ። «ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው።»

«ከሦስቱ መጥፎውም እሱ ነው።»

«ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። ሃምሳ አራቱንም ቁጥር አስገብቼ አወዳድሬአለሁ። ኮምፒውተሩ ልዩነት የለም አለ። ልዩነት ከሌለ ርካሹን ትገዢያለሽ። ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

«እንዴት ነው ያወዳደሩት?»

«አረንጓዴውን ባንድ ወገን፣ ቀዩን ባንድ ወገን፣ ነጩን ባንድ ወገን።»

«ማን ምን እንዳለች ሳያዩ?»

«ሮዛ፣» አለ ትዕግሥቱ እያለቀ፣ «አንዷ ለሁሉም አሥር ትሰጣለች፣ አንዷ ለሁሉም ሁለት። ሴቶቹ ከአሥር መስጠት አይችሉም። እኔ ምን ላድርጋቸው? ያመጡት ቁጥር ይሄ ነው።»

ፊቷ ጋለ። ሦስት ወር በቦዳ ቦዳ አቧራ የበላችው፣ እያንዳንዷን ሴት በረቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ያዳመጠችው እሷ ናት። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልሄደም።

«መስጠት የማይችሉት እነሱ አይደሉም፤ መስማት ያቃተን እኛ ነን። ቡቲዬ ከዚህ በሞተር አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። አንድ ጊዜ ቢሄዱ ኖሮ ከዲጃ ለምን ከሦስት በላይ እንደማትል ያውቁ ነበር!»

ጃልደሳ መነጽሩን አወለቀ። እስከ ዛሬ እንዲህ ጮኻበት አታውቅም።

«አልሄድኩም፣ እውነት ነው። ለምን እንዳልሄድኩ ታውቂያለሽ? ባለፈው ዓመት የቱ ይሻላል፣ የቱ ይሻላል እየተባለ ስንጻጻፍ ሁለት ወር አለፈ። መኖው ሲደርስ የሚበላው ፍየል አልነበረም። ባዶ በረት ላይ ጆንያ አራግፌ ተመልሻለሁ። ዘንድሮ መጥፎም ቢሆን በጊዜ ይድረስ አልኩ። ናይሮቢ ያለው ዋናው ቢሮ የቀረውን ለመግዛት እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት መልስ ይጠብቃል።»

ሮዛ ይህን አታውቅም ነበር። ንዴቷ ግን አልበረደም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጆንያ ክር አነሣችና በሦስት ቁራጭ በጥሳ ፊቱ ዘረጋችው።

«ሦስት ገመድ ነው እንበል። እርስዎ በእርስዎ ስንዝር ይለኩ፣ እኔ በእኔ። የእርስዎ ስንዝር ረጅም ነው፣ የኔ አጭር። የእርስዎን ቁጥርና የኔን ቁጥር ባንድ ላይ ብናዘባርቀው ረጅሙ ገመድ የቱ እንደሆነ ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

«ግን እርስዎን ለብቻዎ የቱ ይረዝማል ብዬ ብጠይቅዎ? እኔንም ለብቻዬ?»

ጃልደሳ ክሮቹን አየ።

«አንድ ዓይነት መልስ እንሰጣለን።»

«ከዲጃ ከዶቃታ ጋር መወዳደር የለባትም። ከራሷ ጋር ነው። ለእያንዳንዷ ሴት የበለጠው መኖ ሦስት፣ መካከለኛው ሁለት፣ መጨረሻው አንድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወደ ታች ይደመራል። ኮሌጅ ተምረነዋል፤ ፍሪድማን የሚባል ሰው ያወጣው የደረጃ ፈተና ነው። ያው ሰው ሦስቱንም ሲሞክር የሚሠራው እሱ ነው።»

ጃልደሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አምስት ሰዓት ሆኗል።

«እስከ ስምንት ሰዓት አሳዪኝ» አለ።

ሮዛ ኮምፒውተሯን ከፍታ ያስገባችውን ሰንጠረዥ አወጣች። በግራ የሴቶቹ ስም፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ። ወረቀት ላይ በእርሳስ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከከዲጃ ጀመረች። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ልክ ነው። ወደ ላይ ወጣች። በእያንዳንዱ ረድፍ ነጩ መጨረሻ ነበር።  አሥረኛው ላይ ለብቻዋ ሳቀች። አሥራ ስምንቱም ረድፍ ላይ ነጩ መጨረሻ ነው! መኖዎቹ እኩል ቢሆኑ የእያንዳንዱ የደረጃ ድምር ወደ ሠላሳ ስድስት ይጠጋ ነበር። የነጩ ድምር አሥራ ስምንት ሆነ፤ ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም። ልዩነት አለ ለማለት ፈተናው የሚጠይቀው ቢያንስ አምስት ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ነው። እሷ ያገኘችው ሃያ ሰባት ነጥብ አራት።

ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ጃልደሳ ሁለቴ አነበበው። አሥራ ስምንት ከአሥራ ስምንት የሚለውን በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ።

«ቦኩ! መጫኑን አቁሙ!»

«ምን?»

«የጫናችሁትን አውርዱ!»

ከግቢው የከዲጃ እልልታ ተሰማ። ቦኩ ከመኪናው ወርዶ «ማማ፣ የፈለግሽበት የሚያደርስ ንዴት ነው ያለሽ» ሲላት፣ ቀድሞ የወረደ ጆንያ ላይ ዘና ብላ ተቀምጣ «ገና ምኑን አይተህ!» አለችው።

ጃልደሳ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር።

«በይ ሰንጠረዡን አያይዢና ደብዳቤውን ጻፊ። ቀዩን ግዙ በያቸው፤ ከአረንጓዴው ይረክሳል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው።»

ንጹሕ የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረ። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ሰንጠረዡን ወደ ደብዳቤው ስትገለብጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞቹን ከቁጥሮቹ ጋር አነበበች።

የመጀመሪያው ረድፍ አሻ ነው። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት።

እጇ ቆመ። አሻ አማቷ ናት፣ የባሏ የጃቢር እናት። ቡቲዬ ላይ አራት ፍየል አላት። በዓይን ፍራቻ ከከዲጃ አታንስም፤ ስለ ፍየሎቿ ሲጠየቅ ፊቷን አዙራ ምራቋን እንትፍ ሳትል አትመልስም። አሻ እንኳን ለወተቷ አሥር ልትሰጥ፣ ፍየሌ አሥር ጠጉር አላት ብላ አታውቅም። የአሻ አሥር ከየት መጣ?

ስልኳን አነሣች።

«እማ አሻ፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ጃቢር ገባ?»

«ዛሬ ማታ ከኢሲዮሎ ይገባል። እማ አሻ፣ ከሦስቱ መኖ የትኛው ይሻላል ነበር ያሉኝ?»

«አሁንም እሱን ትጠይቂኛለሽ? ሦስት ወር ሙሉ ስትጠይቂኝ ከርመሽ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ነጩ ነዋ።»

«ነጩ?»

«ነጩን ያበላሁ ጊዜ ቡሬዋ ፍየል ወለደች፣ ወተት ሆነ። አምስት አልኩሽ። አምስት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ፤ አበዛሁ ብዬ። ለምን ነው? ጠፋብሽ እንዴ?»

«አልጠፋም» አለች ሮዛ። «አልጠፋም፣ እማ አሻ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰች። ከዚያ አስታወሰችው። ቁጥሮቹን አስገብታ የጨረሰች ቀን ነበር። ጃልደሳ በትከሻዋ በኩል አይቶ «ይሄ ዝብርቅርቅ ነው፣ ምንም አይታየኝም፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪልኝ» አላት። እሷም ደረደረችለት። አረንጓዴውን ለብቻው፣ ቀዩን ለብቻው፣ ነጩን ለብቻው። ስሞቹ ካሉበት ሳይነቃነቁ ቁጥሮቹ ሁሉ ከባለቤቶቻቸው ተለያይተው ወጡና ወረዱ። ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ጎን ቆመ። እንዲህ ከተደረደረ ነጩ በየረድፉ መጨረሻ ባይሆን ነበር የሚገርመው። የከዲጃ ረድፍ ትክክል የሆነው ከሁሉ ትንንሾቹን ቁጥሮች የሰጠችው እሷ ስለሆነችና ስሟም መጨረሻ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

ለጃልደሳ ስህተት ይሄ ምንም አልጨመረም፤ እሱ መጀመሪያም ስሞቹን አላየም። የሷን መልስ ግን ከእውነቱ በላይ አሳምሮታል። ማን ምን እንዳለች አያዩም ብላ የጮኸችበት ሰው ፊት፣ የሴቶቹን ቃል ከአፋቸው ነጥላ የደረደረችው ራሷ ናት። ጠዋት ጃልደሳ ላይ የነበረው ንዴት መድረሻ አጥቶ ወደ ራሷ ዞረ። እዚያው ወንበር ላይ ራሷን በጥፊ ለመምታት ፈለገች።

ውጭ ጆንያዎቹ እየወረዱ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

ተነሥታ ወጣች። ከዲጃ ከጆንያው ላይ «ወዴት ነው?» አለቻት።

«ቤት። ወረቀቶቹን ላመጣ።»

«የምን ወረቀት? አልቋል እኮ!»

«አላለቀም» አለችና ያገኘችው ቦዳ ቦዳ ላይ ወጣች።

ቢሮው ቁም ሣጥን ስለሌለው መጠይቆቹን ያስቀመጠችው ቤቷ፣ አልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ነበር። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አሥራ ስምንቱን ሴቶች እየለየች ደረደረቻቸው። እያንዳንዷ ሦስት ወረቀት አላት። ከላይ አሻን አስቀመጠች፤ ከሁሉ በፊት የተጠየቀችው እሷ ናት። አረንጓዴ አራት፣ ቀይ ሦስት፣ ነጭ አምስት። በገዛ እጇ የጻፈችው ነው።

አንድ በአንድ ደረጃ ሰጠቻቸው። አሥራ አራት ሴቶች ነጩን መጨረሻ አድርገዋል። አንዲት የቦሪ ሴት ለነጩና ለቀዩ እኩል ሰጥታለች፤ ለሁለቱ አንድ ተኩል አንድ ተኩል ጻፈችላቸው። ሁለት ሴቶች ነጩን መካከል አስቀምጠዋል። አሻ አንደኛ። የነጩ ድምር ሃያ ሁለት ተኩል፣ የቀዩ አርባ ተኩል፣ የአረንጓዴው አርባ አምስት። በስልኳ አባዛች፣ አካፈለች፣ ቀነሰች። ዳግም እንዳትሳሳት ሦስቴ ሠራችው። አሥራ አምስት ነጥብ ሰባት አምስት።

አሁንም ከአምስት ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ እጅግ ይበልጣል። ነጩ አሁንም መጥፎ ነው። ከዲጃ ትክክል ናት። ግን አሥራ ስምንት አይደሉም።

ካርቶኑን ይዛ ቢሮ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ጃልደሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ደብዳቤው የታለ? የት ጠፋሽ?»

«ሰንጠረዡ ስህተት አለበት። ስህተቱ የኔ ነው።»

ሁሉንም ነገረችው። መደርደሩን፣ አሻን፣ አሥራ አራቱን፣ አዲሱን ቁጥር። ጃልደሳ አላቋረጣትም። ስትጨርስ በሩን ዘጋው።

«መልሱ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም። ነጩ አሁንም መጨረሻ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? አሥራ ስምንቱን ላኪው!»

«ውሸት ነው እኮ።»

«መልሱ እውነት ነው ብለሻል! እውነተኛ መልስ በምን ቁጥር ቢሄድ ማን ይጎዳል?» ድምፁ ከፍ አለ። አሁን የሚጮኸው እሱ ነው። «ስሚኝ። ናይሮቢ ያሉትን ሰዎች እኔ አውቃቸዋለሁ። ‹ስህተት› የሚል ቃል ካዩ ከዚያ በታች ያለውን አያነቡም። ቁጥራችሁ የማይታመን ነው፣ ርካሹን ጫኑ ይላሉ። ያ ሁሉ ጆንያ ተመልሶ ይጫናል። ያቺ ውጭ የተቀመጠችው ሴት ፍየሎች ቆረቆንዳ ይበላሉ። ይሄን ነው የምትፈልጊው?»

ሮዛ በመስኮቱ አየች። ግማሹ ወርዷል። ከዲጃ ቆጠራ የያዘች ይመስል ከእያንዳንዱ ጆንያ ጋር ራሷን ትነቀንቃለች።

«ጠዋት ሴቶቹን አልሰማናቸውም ብዬ ነው የጮህኩት» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ስምንት ብዬ ብልክ አራቱን ሴቶች እኔም አልሰማኋቸውም ማለት ነው።»

«አራት ሴት!»

«አራት ሴት። በየወሩ በራቸው ላይ ቆሜ ጠይቄያቸዋለሁ።»

ጃልደሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«እሺ። አሥራ አራቱን ላኪ። መደርደሩን ግን አትጻፊው። ለውልሽም አይበጅሽም፤ እኔ የማድሰው እነሱ ሲፈቅዱ ነው። አማትሽንም አውጪያት። ፍየሏ በዚያ ወር መውለዷን ታውቂያለሽ፤ ምክንያት አለሽ። ሦስት ብቻ ይቀራሉ፣ ማንም አይጠይቅም።»

ይሄ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ ምክንያቱ እውነት ነውና። ቡሬዋ ወልዳለች። መኖው አይደለም፣ ግልገሉ ነው። የአሻን ረድፍ አየችው። ለመሰረዝ አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃል።

ግን የዶቃታ ፍየሎች መቼ ወለዱ? የከዲጃስ? አልጠየቀችም። ነጩን መጨረሻ ካደረጉት ከአሥራ አራቱ አንዷን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ለምን ያለችው ያልወደደችው ቁጥር ላይ ስትደርስ ብቻ ነው።

«አላወጣትም» አለች።

«ሮዛ!»

«ሌሎቹን ያልጠየቅኩትን እሷን ጠይቄ አላወጣትም።»

ጃልደሳ አፈጠጠባት። ከዚያ መነጽሩን አጠለቀና ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።

«በኔ ስም አትላኪው» አለ። «እንዲህ ያለውን በኔ ስም አልልክም። ከላክሽ በራስሽ።»

ወጥቶ በሩን ጎትቶ ዘጋው። መዝጊያው ተንጓጉቶ የግድግዳው ካላንደር ተወዛወዘ።

ሮዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ንዴቱ አሁንም ደረቷ ውስጥ ነበር፤ በሱም፣ በራሷም፣ ከሩቅ ሆነው አንድ ቃል ብቻ አንብበው ስለ ፍየል በሚወስኑትም።  ሃምሳ አራቱን መጠይቆች አንድ በአንድ በስልኳ አንስታ አያያዘች። የድሮውን ሰንጠረዥ ደምስሳ አዲሱን አስገባች። ከሥሩ ጻፈች፤ ቀድሞ የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ሦስቱ ዓምዶች ለየብቻ በመደርደራቸው የተሳሳተ ነበር፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ያሁኑ ከመጠይቆቹ እንደገና የተገለበጠ ነው፤ በአረንጓዴውና በቀዩ መካከል ልዩነት አለ ለማለት አልችልም፤ ነጩ ግን ከሁለቱም ያንሳል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በሩ በኃይል ተንኳኳና ከዲጃ አንገቷን አስገባች። ቦኩ ከኋላዋ ቆሟል።

«ያ ሽማግሌ ማውረዱን አስቁሞ ወጣ! ምን ተፈጠረ?»

«ተሳስቼ ነበር፣ ከዲጃ። ሁላችሁም ነጩን መጨረሻ አላላችሁም።»

«ማን ናት ያላለችው?»

«አራት ሴቶች አሉ። አንዷ አማቴ ናት።»

«አሻ? አሻ ነጩ ይሻላል አለች?» ከዲጃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ያቺ አሮጊት! ዛሬ ማታ ቤቷ እሄዳለሁ። እና አሁን ነጩ ተመልሶ ሊጫን ነው?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«በአሻ ምክንያት?»

«በኔ ምክንያት።»

ከዲጃ እጇን ከወገቧ አላወረደችም። ፊቷ አልለዘበም።

«የኔንስ ምን አልሽው?»

«ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። እንዳልሽው።»

«አልቀየርሽውም?»

«አልቀየርኩትም።»

«እኔ ምን ልሁን?» አለ ቦኩ ከኋላ። «ልጫን ወይስ ላውርድ?»

«መልስ እስኪመጣ ባለበት ይቁም።»

ሮዛ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ሰንጠረዡን ለመጨረሻ ጊዜ ከላይ ጀምራ አነበበች። አሻ፤ አራት፣ ሦስት፣ አምስት። ‹ያዘጋጀው› ከሚለው ቃል ጎን የጃልደሳ ስም ነበር። አጠፋችውና በቦታው ሮዛ ነጋ ብላ ጽፋ ላከችው።